የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የነርቭ የኤሌክትሪክ ምርመራ መቼና ለምን?

እጅ ወይም እግር ሲደነዝዝ፣ ሲያቃጥል ወይም ሲዝል ከሚታዘዙት ምርመራዎች አንዱ በተለምዶ «ኢኤምጂ» እየተባለ የሚጠራው ነው። ስለዚሁ ምርመራ ከደረሱን ጥያቄዎች የብዙዎችን ጭንቀት የሚነኩትን መርጠናል። ከመልሶቻችን ሁሉ ሥር ያለው እምነት አንድ ነው፦ ይህ ምርመራ የሚጠቅመው ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ፣ ጉልበትዎንና ስሜትዎን ፈትሾ፣ ግልጽ ጥያቄ ይዞ ሲያዝዘው፣ ጊዜውም ሲደርስ ነው። ያለዚያ የሚወጣው ወረቀት በሽተኛውንም ሐኪሙንም ያሳስታል።

ጥያቄ፦ የተሰጠኝ ማዘዣ ላይ «የነርቭ ማስተላለፍ ምርመራ» እና «ኢኤምጂ» የሚል ተጽፏል። አንዱ በኤሌክትሪክ፣ አንዱ በመርፌ ነው አሉኝ። ሁለቱም የግድ ያስፈልጋሉ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎን፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላልና። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ተከታትለው ይሠራሉ፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃሉ።

የመጀመሪያው ላይ መርፌ የለም። ቆዳዎ ላይ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ ነርቩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሰከንድ ብቻ የሚቆይ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል፤ ምላሹም ከጡንቻው ወይም ከራሱ ከነርቩ ላይ ይቀዳል። የሚለኩት ምላሹ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ፣ የምላሹ ከፍታ እና ፍጥነቱ ናቸው። ፍጥነቱን ለማወቅ ነርቩ በሁለት ቦታ ይነካል። ለምሳሌ በእጅ አንጓና በክርን መካከል ያለው ርቀት 22 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በሁለቱ ምላሾች መካከል የ4 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ቢኖር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 55 ሜትር ነው። በአዋቂ ሰው የእጅ የእንቅስቃሴ ነርቮች አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ፣ የእግሮቹ ከ40 ሜትር በላይ ይሄዳሉ።

ነርቭን ሽፋን እንዳለው የመዳብ ሽቦ ያስቡት። ሽፋኑ ማይሊን፣ ውስጡ ያለው ሽቦ አክሰን ይባላል። ማይሊኑ ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይታገዳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ይወርዳል። አክሰኑ ሲሞት ግን የቀሩት ክሮች በደህና ፍጥነት መሄዳቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚወርደው የምላሹ ከፍታ ነው። ልዩነቱ ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ማይሊን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ሊጠገን ይችላል፤ አክሰን ግን የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ማይሊንን ከሚያጠቁ በሽታዎች መካከል ደግሞ በመድኃኒት በደንብ የሚመለሱ አሉ።

ሁለተኛው፣ በጠባቡ ትርጉም ኢኤምጂ የሚባለው፣ የመርፌው ነው። መርፌው ቀጭን ነው፤ ኤሌክትሪክ አይለቅም፣ መድኃኒትም አይረጭም፤ የጡንቻውን ድምፅ ያዳምጣል እንጂ። ያረፈ ጤነኛ ጡንቻ ዝም ይላል። ነርቩ የተቋረጠበት ጡንቻ ግን ሳይታዘዝ በራሱ ጥቃቅን ምልክት ይሰጣል፤ ይህ ፊብሪሌሽን ይባላል። ከዚያ «ትንሽ አጥብቁ» ሲባሉ የጡንቻው ምልክቶች ቅርጽና ብዛት ይታያል። ችግሩ የነርቭ ነው ወይስ የጡንቻ፣ አዲስ ነው ወይስ የከረመ፣ ነርቩ ማገገም ጀምሯል ወይስ አልጀመረም የሚሉት ጥያቄዎች የሚመለሱት በዋናነት ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የላይኛው ክንዴ አጥንት ተሰብሮ እጄን ከአንጓው ቀና ማድረግ አቃተኝ። በአራተኛው ቀን የነርቭ ምርመራ ተሠርቶልኝ «ነርቩ ደህና ነው» ተባልኩ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፤ እጄ አሁንም ወድቋል። ምርመራው ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ መሣሪያው ላይሳሳት ይችላል፤ ጊዜው ግን አልደረሰም ነበር። ስለዚህ ምርመራ አንድ ነገር ብቻ እንዲያውቁ ቢፈቀድልን የምንመርጠው ይህን ነው።

ነርቭ ሲቆረጥ ወይም ክፉኛ ሲደቀደቅ፣ ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል ወዲያው አይሞትም። ለቀናት ያህል ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ይቀጥላል። ስለዚህ በአራተኛው ቀን ከጉዳቱ በታች፣ ክርን አካባቢ ነርቩን የነካ ባለሙያ ጥሩ ምላሽ ሊያገኝ ይችላል። የእንቅስቃሴው ምላሽ መውረድ የሚጀምረው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው፤ እስከ አንድ ሳምንት ገደማ ጠፍቶ ያልቃል። የስሜት ነርቭ ምላሽ ዘግየት ይላል፤ እስከ 10 ወይም 11 ቀን ሊቆይ ይችላል። መርፌው የሚፈልገው ፊብሪሌሽን ከዚህም ይዘገያል፦ ለጉዳቱ ቅርብ በሆኑ ጡንቻዎች ከ10 እስከ 14 ቀን፣ በራቁት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል።

ከጉዳቱ በላይ ነክቶ ምላሽ ማጣት በመጀመሪያው ሳምንትም ይቻላል፤ ጉዳቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። ግን ነርቩ ለጊዜው የታገደ ይሁን የተበጠሰ አይለይም፤ በዚያ ወቅት ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። የሚለያዩት ከሳምንት በኋላ ነው። የታገደው ነርቭ ከጉዳቱ በታች ምላሹ እንዳለ ይቀጥላል፤ የተበጠሰው ይጠፋል። ለዚህ ነው ለአደጋ ጉዳት ዋናው ምርመራ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሠራ የሚመከረው።

እርስዎ ሁለት ወር ስላለፈዎ ምርመራው አሁን ሳይዘገይ ይደገም። የመርፌው ክፍል መቅረት የለበትም። ትራይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የኋላ ጡንቻ)፣ ብራኪዮራዲያሊስ (ክርን ላይ የሚነሳው የታችኛው ክንድ ጡንቻ) እና አንጓን ቀና የሚያደርጉት ጡንቻዎች በቅደም ተከተል ይታዩ፤ ነርቩ ሲያድግ ከስብራቱ በታች መጀመሪያ የሚደርሰው ብራኪዮራዲያሊስ ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ከስብራቱ እስከ ጡንቻው መግቢያ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ሲታሰብ ሦስት ወር ገደማ ያስፈልጋል። ዓይን የሚያየው እንቅስቃሴ ከመምጣቱ ከሳምንታት በፊት መርፌው ትንንሽ የማገገሚያ ምልክቶችን ሊይዝ ይችላል። እነሱ ከታዩ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ምንም ካልታየ ግን የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ ከ12 እስከ 18 ወር ነርቭ ያልደረሰው ጡንቻ በኋላ ነርቩ ቢመጣም ላይነቃ ይችላልና። ስብራቱ ቆዳ ሳይቀድ የመጣ ከሆነ ግን አብዛኛው የዚህ ዓይነት ጉዳት በራሱ እንደሚመለስ ይወቁ። እስከዚያ አንጓውን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ያድርጉ፤ ጣቶችዎን በሌላኛው እጅ በየቀኑ ያንቀሳቅሱ። ነርቩ ሲደርስ የደረቀ መገጣጠሚያ ቢጠብቀው ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ቀደም ብሎ መመርመር ፈጽሞ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። በአራተኛው ቀን ፊብሪሌሽን ከተገኘ ያ ችግር ከአደጋው በፊት የነበረ ነው ማለት ነው፤ የካሳ ወይም የሕግ ጉዳይ ባለበት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በስለት ተቆርጦ ነርቩ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ምርመራ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም፤ ቁስሉን ከፍቶ ነርቩን ማየትና መስፋት ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ድካም ከያዘው አምስት ቀን ሆነው። እሱም ሦስት ሳምንት ይጠብቅ?

መልስ፦ በፍጹም! ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት። በቀናት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ድካም የሰውነት መከላከያ ራሱ ነርቮችን የሚያጠቃበት የጊያን-ባሬ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ አደጋው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን መያዙ ነው። ምርመራው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳየው ለውጥ ጥቂት ነው፦ የኤፍ ሞገድ መዘግየት ወይም መጥፋት፣ የኤች ምላሽ መጥፋት (ሁለቱም እስከ አከርካሪ ገመድ ደርሰው የሚመለሱ ምልክቶች ናቸው)፣ የእጅ የስሜት ነርቮች ተጎድተው በባት ጀርባ የሚወርደው የሱራል ነርቭ ደህና መሆን። ሙሉ በሙሉ ደህና ሆኖ የሚወጣበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። ሕክምናው ግን ምርመራውን አይጠብቅም። ሆስፒታል ውስጥ የሳንባው አቅም በተደጋጋሚ መለካት አለበት፤ በኪሎ ግራም ክብደት ወደ 20 ሚሊ ሊትር ከወረደ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ስኳር በሽታ አለብኝ። ውስጥ እግሬ በተለይ ሌሊት እንደ እሳት ይለበልበኛል። የነርቭ ምርመራው «ደህና» ብሎ ወጣ፤ ቤተሰቤ «የምታስቢው ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ የሚያስቡት አይደለም። ይህ ምርመራ የሚያየው ወፍራምና ማይሊን በደንብ የለበሱ ክሮችን ብቻ ነው፤ እነሱም የንክኪ፣ የንዝረትና የእንቅስቃሴ ክሮች ናቸው። ማቃጠልን፣ ሙቀትንና የመርፌ ውጋትን የሚያደርሱት እጅግ ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ ምልክታቸው ዘገምተኛና ትንሽ ስለሆነ መሣሪያው አይቀዳውም። ስኳር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው እነዚህን ቀጫጭኖች ነው። ስለዚህ «ደህና» የሚለው ውጤት ወፍራሞቹ ክሮች ገና እንዳልተነኩ ይነግርዎታል እንጂ ሕመም የለብዎትም አይልም። ማረጋገጫ ካስፈለገ ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ተወስዶ የክሮቹ ብዛት ይቆጠራል።

በእርግጥ የእርስዎ ዓይነት ታሪክ ሲቀርብ መጀመሪያውኑ የኤሌክትሪክ ምርመራ አያስፈልግም ነበር። ስኳር የቆየበት ሰው፣ ከሁለቱም እግር ጣቶች እኩል ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ካለው ምክንያቱ ግልጽ ነው። 10 ግራም የሚጫነው የናይለን ክር ሲነካው ይሰማዋል ወይ? 128 ኸርዝ የሚነዝር የብረት ሹካ (ቱኒንግ ፎርክ) አውራ ጣቱ ላይ ሲቀመጥ ንዝረቱ ይታወቀዋል ወይ? የተረከዙ ጅማት ሲመታ እግሩ ይዘላል ወይ? እነዚህ በአምስት ደቂቃ ይበቃሉ። ከምርመራው ይልቅ ቫይታሚን ቢ12 ማስለካት ይቀድማል፤ በተለይ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ከወሰዱ። የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የደም ፕሮቲን ምርመራዎችም እንዲሁ።

ስኳር ላለበት ሰው የኤሌክትሪክ ምርመራ የሚታዘዘው ነገሩ ከተለመደው ሲወጣ ነው፦ አንድ ጎን ከሌላው ብሶ ሲጎዳ፣ ድካሙ ከመደንዘዙ ሲበልጥ፣ ከእጅ ሲጀምር፣ በሳምንታት ውስጥ ሲገሰግስ። ከእነዚህ መካከል በመድኃኒት የሚመለስ የማይሊን በሽታ ሊደበቅ ይችላል፤ «ስኳር ስላለባት ነው» ብሎ ማለፍ እዚህ ላይ ያስጠይቃል።

ውጤቱ ደህና ስለወጣ እግርዎን በየምሽቱ ማየትዎን አይተዉ። የማይሰማው እግር ቁስል አይናገርም።

ጥያቄ፦ ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጄ ደንዝዞ ያነቃኛል፤ ሳራግፈው ይለቀኛል። ጓደኛዬ «ያለ ነርቭ ምርመራ ሕክምና የለም» አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህ በእጅ አንጓ ላይ ሚዲያን ነርቭ ሲጨቆን የሚመጣው የካርፓል ተነል ችግር ይመስላል፤ በተለይ መደንዘዙ አውራ ጣትን፣ ጠቋሚን፣ የመሃልንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ከያዘና ትንሿን ጣት ከተወ። ቀላል ከሆነ ሕክምናው ምርመራ ሳይጠብቅ ይጀመራል፦ አንጓውን ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማታ ማታ ለስድስት ሳምንት ያህል። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ድጋፎች አንጓውን ወደ ኋላ ቀና ያደርጉታል፤ ይህ ነርቩ በሚያልፍበት ቦይ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ብረቱን አውጥተው ቀጥ ያድርጉት።

ምርመራው የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ፣ የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ሲከሳ ወይም ሲዝል፣ ነገሩ ከአንገት ይሁን ከአንጓ ሲያጠራጥር እና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ችግሩ ሲቀጥል ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት የተሠራ ምርመራ ሌላም ጥቅም አለው፤ በኋላ ቅሬታ ቢኖር የሚነጻጸርበት መነሻ ይሆናል።

ጥሩ ምርመራ የአንዱን ነርቭ ቁጥር ብቻ አይቶ አይወስንም። በዚያው እጅ ላይ ከጎረቤት ነርቭ ጋር ያነጻጽራል፤ ዕድሜ፣ ቁመትና የእጅ ቅዝቃዜ ሁለቱንም እኩል ስለሚነኩ ንጽጽሩ ከስህተት ይጠብቃል። ከመዳፍ እስከ አንጓ በ8 ሴንቲ ሜትር ሚዲያንና አልናር (በትንሿ ጣት በኩል የሚሄደው) ነርቮች ይለካሉ፤ ሚዲያኑ ከ0.4 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከዘገየ ጨቋኝ አለ ማለት ነው። ወይም የቀለበት ጣት ሁለቱንም ነርቮች ስለሚጋራ በ14 ሴንቲ ሜትር እዚያው ላይ ይነጻጸራሉ።

ታሪኩ እንደ እርስዎ የሆነ ሰው ምርመራው ደህና ሊወጣበት ይችላል፤ ያኔ የአልትራሳውንድ ምስል ነርቩ ማበጡን ሊያሳይ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፦ ቁጥሩ የዘገየ፣ እጁ ግን ምንም የማይለው ሰው። የሚታከመው ወረቀቱ ስላልሆነ እንዲህ ያለ ሰው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

መደንዘዙ ትንሿን ጣት ከያዘ ታሪኩ ወደ ክርን ይዞራል። አልናር ነርቭ ሲለካ ክርኑ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ክንዱ ተዘርግቶ ከተለካ ነርቩ ረግቦ ይተኛል፤ በቆዳ ላይ የሚለካው ርቀት ከእውነተኛው ያጥራል፤ ፍጥነቱም በሐሰት የዘገየ ይመስላል። ተዘርግቶ በተለካ ክንድ ምክንያት ያለአግባብ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ሊኖር መቻሉ ያሳስበናል።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ የዲስክ መንሸራተት አሳየ። ለምን ተጨማሪ ኢኤምጂ ታዘዘልኝ?

መልስ፦ ኤምአርአይ ቅርጽ ያሳያል፤ ኢኤምጂ ሥራ ያሳያል። ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም ኤምአርአይ ላይ የተንሸራተተ ዲስክ አላቸው። ሕመምዎ፣ የሐኪሙ ምርመራና ምስሉ አንድ ነገር ከተናገሩ፣ ድካምም ከሌለ ኢኤምጂ አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልገው ምስሉ ሁለት ሦስት ቦታ ችግር አሳይቶ የትኛው እንደሚያሳምም ሲያጠራጥር፣ ወይም ጉዳዩ ከጀርባ ይሁን ከእግር ነርቭ ሳይለይ ሲቀር ነው።

የእግር መውደቅን ይውሰዱ። የእግሩን ፊት ማንሳት ያቃተው ሰው ከወገብ የሚወጣው አምስተኛው የላምባር ሥር (ኤል5) ወይም ከጉልበት ጎን፣ ፊቡላ አጥንት ራስ ላይ የሚያልፈው ፔሮኒያል ነርቭ ተጎድቶበት ይሆናል። የሚለየው ጡንቻ ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር፣ እግርን ወደ ውስጥ የሚያዞረው ነው፤ ሥሩ ኤል5 ሆኖ ሳለ በፔሮኒያል አይታዘዝም። መርፌው እዚያ ጉዳት ካገኘ ችግሩ ከጉልበት በላይ ነው። በተጨማሪ የስሜት ነርቭ ምላሽ ይታያል። የስሜት ሕዋሶች ማዕከል ከዲስኩ ግፊት ውጭ ስለሚቀመጥ፣ በዲስክ የሚጎዳ ሰው እግሩ እየደነዘዘው እንኳ የስሜት ምላሹ ደህና ሆኖ ይወጣል። ይህ ተቃርኖ ለሚያነበው ሰው ትልቅ ፍንጭ ነው።

ገደቡንም ይወቁ። ዲስኩ የስሜት ክሮችን ብቻ እያሳመመ የእንቅስቃሴዎቹን ካልነካ ኢኤምጂ ደህና ይላል፤ ሕመምዎ ግን እውነተኛ ነው። ጀርባዎ ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት የጀርባ ጡንቻዎቹ ምልክት አይታመንም፤ ይህን ለመርማሪው ይንገሩ። መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ከታገተ ወይም ድካሙ በሰዓታት ከጨመረ ደግሞ የሚያስፈልገው አስቸኳይ ኤምአርአይና ቀዶ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ በጣም ፈርቻለሁ። ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ፣ እናቴ ደግሞ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) አላት፤ ሁለታችንም ታዘዘልን። ዝግጅቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ መጾም አያስፈልግም። የዕለቱ ዕለት ገላዎን ይታጠቡ፤ ቅባት፣ ሎሽን ወይም ዘይት አይቀቡ፤ ቅባት የኤሌክትሮዱን ንክኪ ያበላሻል። እስከ ክርንና እስከ ጉልበት በላይ የሚሰበሰብ ሰፊ ልብስ ይልበሱ። ቀለበትና አምባር ያውልቁ። እጅና እግርዎ እንዳይቀዘቅዝ ጓንትና ካልሲ አድርገው ይሂዱ።

ደም ማቅጠኛውን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፤ ማቆሙ የሚያመጣው የደም መርጋት አደጋ ከመርፌዋ ይከፋል። ዋርፋሪን ከሆነ የቅርብ የአይኤንአር (የደም መርጋት ፍጥነት መለኪያ) ውጤት ይያዙ። መርማሪው ከላይ ባሉና ሊጨቆኑ በሚችሉ ጡንቻዎች ይጀምራል፣ ቦታውንም ለደቂቃዎች ይጫናል። ለእናትዎ፣ ፔስሜከር ላላቸው ሰዎች የተለመደው ምርመራ በአብዛኛው ደህና ነው፤ ሆኖም መሣሪያው በተቀመጠበት ደረት አካባቢ ምት ላለመስጠት መርማሪው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የማይፈቀደው ከውጭ በሽቦ የተያያዘ ጊዜያዊ ፔስሜከር ላለው ሰው ነው። ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዱ ያበጠ ሰው በዚያ ክንድ ላይ መርፌ ባይገባበት ይመረጣል። የጡንቻ ኢንዛይም (ሲኬ) የደም ምርመራ ከታዘዘም ደሙ ከመርፌው በፊት ይሰጥ፤ መርፌው ቁጥሩን ጥቂት ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሕመሙን በተመለከተ፦ ምቱ ያስደነግጣል፣ መርፌው ይወጋል፤ ሁለቱም አጭር ናቸው። ሲበዛብዎት «ትንሽ ቆይ» ማለት መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ በሁለት ቦታ ተመርምሬ ሁለት የተለያየ ውጤት አገኘሁ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የቆዳው ሙቀት ተጽፎ እንደሆነ ይዩ። እጅ ቢያንስ 32፣ እግር ቢያንስ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት። በአንድ ዲግሪ ቅዝቃዜ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 2 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 26 ዲግሪ ላይ የተለካ ጤነኛ እጅ በሽተኛ መስሎ ይወጣል። ቅዝቃዜ ፍጥነቱን ሲቀንስ የምላሹን ከፍታ ደግሞ ይጨምራል፤ ሁሉም ነርቮች በአንድነት ዘግይተው ከፍታቸው ግን ያማረ ከሆነ ቅዝቃዜን ይጠርጥሩ። መፍትሔው በሙቅ ውሃ ወይም በማሞቂያ አሙቆ እንደገና መለካት ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት ምቱ ደካማ መሆኑ ነው። ምላሹ ማደጉን እስኪያቆም ድረስ ምቱ መጨመርና ከዚያም በሩብ ያህል ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ ክሮቹ ሁሉ ሳይነቁ ከፍታው ዝቅ ይላል፣ «አክሰን ሞቷል» ተብሎም ይጻፋል። ከልክ በላይ ሲጨመር ደግሞ ጎረቤት ነርቭ ይነቃል። ያበጠ እግርና ወፍራም ቆዳ ምላሹን ያሳንሳሉ። ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች የሱራል ነርቭ ምላሽ ያለ በሽታም ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ «ፖሊኒውሮፓቲ (የብዙ ነርቮች ጉዳት) አለ» የሚል አንድ መስመር ብቻ የያዘ ወረቀት አይቀበሉ። የእያንዳንዱ ነርቭ ቁጥር ከነመደበኛ ወሰኑ፣ የቆዳው ሙቀት፣ መርፌ የገባባቸው ጡንቻዎች ዝርዝር እና ለሐኪሙ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ይኑርበት። ሙቀትና ዝርዝር የያዘውን ካልያዘው ያስቀድሙ፤ ሁለቱም ካልያዙ ለአዘዘው ሐኪም ሁለቱንም አሳይተው ይደገምልኝ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ደህና ሆኜ ማታ ማታ የዓይኔ ቆብ ይወድቃል፣ ነገር ሁለት ሁለት ይታየኛል። ይህ ምርመራ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ይጠቅማል፤ ግን ማዘዣው ላይ «ተደጋጋሚ የነርቭ ማነቃቂያ» ተብሎ በስም ካልተጻፈ ላይሠራ ይችላል። ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚያልፈው ምልክት ለሚዳከምበት በሽታ፣ ለማያስቴኒያ ግራቪስ፣ ነርቩ በሰከንድ 2 ወይም 3 ጊዜ በተከታታይ ይመታል፤ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ወይም አምስተኛው ምላሽ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ይደግፈዋል። የዚህን በሽታ መድኃኒት ፒሪዶስቲግሚን ጀምረው ከሆነ ሐኪምዎ ከፈቀደ 12 ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይቆማል፤ መዋጥ ወይም መተንፈስ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ግን አያቁሙ። ችግሩ ዓይን ላይ ብቻ ሲሆን ምርመራው ደህና ሊወጣ ስለሚችል የፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራም አብሮ ይታዘዝ።

ጥያቄ፦ ባቴና የዓይኔ ቆብ ይንቀጠቀጣሉ። ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት አስፈራኝ፤ ኢኤምጂ ላስደርግ?

መልስ፦ ድካም የለብዎትም? ጡንቻዎ አልከሳም? ንግግርና መዋጥ ደህና ናቸው? እንግዲያው መንቀጥቀጡ ብቻውን ኢኤምጂ አያስፈልገውም፤ ቡና፣ የእንቅልፍ ማነስና ጭንቀት በብዙ ጤነኞች ላይ ያመጡታል። አንድ የነርቭ ሐኪም ጉልበትዎንና የጅማት ምላሽዎን ይፈትሽልዎት። እጅዎን ማጥበቅ ካቃተዎት፣ ቁልፍ መቆለፍ ከከበደዎት ወይም እግርዎ መሬት መላስ ከጀመረ ግን ሳይዘገዩ ይሂዱ፤ ያኔ መርፌው በአንድ ጡንቻ ሳይወሰን በእጅ፣ በእግር፣ በጀርባና በምላስ ወይም በመንጋጋ ጡንቻ ላይ ይፈትሻል።